ሜዳው የተስተካከለበት ዓመት

የቦንጋው እግር ኳስ ቡድን፣ የባርታ ኮከብ፣ ሜዳ ቁልቁለት ነበር። ቁልቁለት ስል ትንሽ ዘመም ያለ ማለቴ አይደለም። ላይኛው ጎል ሥር ያስቀመጥካት ሎሚ መሀል ሜዳውን አቋርጣ፣ ታችኛውን ጎል አልፋ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ካልደረሰች አትቆምም። ለወዳጅነት ጨዋታ ከጅማና ከሚዛን የሚመጡ ቡድኖች ከመኪና ወርደው ሲያዩት መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ሲመለሱ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ተድላ አሥራ አንድ ዓመት ጎል ያገባው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ቡና መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ ይሰፋል፤ ከሰዓት በኋላ የባርታ ኮከብ አምበልና አጥቂ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ ሃያ ስምንት ይል ስለነበር፣ ሚስቱ ምሥራቅ እንኳ እውነቱን ያወቀችው ከተጋቡ በኋላ መታወቂያውን አይታ ነው። ሳቀችበትና ለማንም አልተናገረችም።

የቡድኑ አጨዋወት በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። ዳኛው ሳንቲም ሲወረውር ተድላ ከቀናው ዳገቱን ይመርጣል። የመጀመሪያውን አርባ አምስት ደቂቃ ሽቅብ እየገፉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጎል ሳይቆጠርባቸው ይወጡታል። ከእረፍት በኋላ ቁልቁለቱ የእነሱ ነው። ተከላካዩ ኳሷን በረጅሙ ይለጋታል፣ ተድላ ይሮጣል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይኸው ነው ይበሉ እንጂ ኳሷ የት እንደምትሄድ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ከመሀል ሜዳው ወረድ ብሎ በስተግራ አንዲት ጉብታ ነበረች። ኳስ እዚያ ስትደርስ ትንሽ ታንገራግርና ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። እንግዳው ተከላካይ እንደ አበደ ሰው በቀጥታ ሲወርድ ተድላ ቀድሞ በቀኝ በኩል ይጠብቃታል። ሣሩ እርጥብ ሲሆን ስንት እርምጃ እንደምትንሸራተት፣ የደረቀ ለት ስንቴ እንደምትነጥር፣ ነፋስ ከጫካው በኩል ሲመጣ ምን ያህል እንደምትዘገይ፣ ሁሉንም እግሩ ያውቀዋል። ማንም አላስተማረውም፤ እሱም እንደ ዕውቀት ቆጥሮት አያውቅም።

ከሜዳው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ቡሽራ "ቁልቁለቱ" ብሎ ስም ያወጣለት በመጀመሪያው ዓመት ነው። የቡሽራ አባት ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ቡሽራ ግን እዚያው ቦንጋ ተወልዶ ያደገና ከሱቁ በፊት የባርታ ኮከብ ሰው ነበር። እሑድ እሑድ በሩን ገርበብ አድርጎ ይወጣና "ቁልቁለቱ! ውረድባቸው!" ብሎ ሲጮህ ከተማው ሁሉ ይከተለዋል። ተድላ ያን ጊዜ ስሙን ይወደው ነበር። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ሳይቀሩ "ቁልቁለቱ፣ እሑድ ስንት ልታገባልን ነው?" ይሉታል፤ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

ነገር የተበላሸው አዋሳ ላይ ነው። በሚሌኒየሙ ዓመት ባርታ ኮከብ ዞኑን ወክሎ ለክልል ውድድር ሄደ። የአዋሳው ሜዳ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ነበር። ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፣ አንድ ጎል አላገቡም። ተድላ ኳሷን በቀኝ ሲጠብቃት በግራ ትቀራለች፣ ትመጣለች ሲል ትቆማለች። አንዱ የአዋሳ ተመልካች ከአጥሩ ማዶ ሆኖ "አጥቂያችሁ ማንን ነው የሚጠብቀው?" ሲል ሰማው። ቦንጋ ሲመለሱ ቡሽራ "ቁልቁለቱ" ብሎ ጠራው፤ እንደ ድሮው በፍቅር ነው የጠራው። አጠገቡ የቆሙት ግን ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ስም ተድላን እንደ ስድብ ይቆጠቁጠው ጀመር።

ቡድኑን የሚያስተዳድረው ቦርድ ነገሩን በሁለት ቃል ዘጋው። አንደኛ፣ ማጥቃቱን ከሥሩ የሚያስተካክል አዲስ ዋና አሠልጣኝ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ ከዞኑ አንደኛ ካልወጣችሁ ባርታ ኮከብ ይፈርሳል። ተድላ ይህን የሰማ ዕለት ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምሥራቅ ምን ሆንክ ብትለው "ቡድኑ ከፈረሰ እኔ ማን ነኝ?" አላት። እውነት ነው፣ ያለ ባርታ ኮከብ ተድላ ጆንያ ሰፊ ነው፤ ጆንያ ሰፊ ደግሞ ቦንጋ ውስጥ ሞልቷል።

አሠልጣኝ ተክለጻድቅ በታኅሣሥ መጨረሻ በጅማ አውቶብስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ማስታወሻ ደብተር ከእጁ የማይለይ፣ ለተጫዋች ስድብ የማያውቅ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ከኪሱ አሥራ አንድ የቢራ ቆርኪ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

"እስከ ዛሬ የምታጠቁት እናንተ አይደላችሁም፣ ሜዳው ነው" አለ። "ከዚህ በኋላ ኳስ ከመሬት አትነሳም። አጭር ፓስ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቦታ መቀያየር። ይኼ ሲስተም የገባው አጥቂ አዋሳም ያገባል፣ አዲስ አበባም ያገባል።"

ተድላ አንገቱን አስግጎ ቆርኪዎቹን አየ። ፊት ለፊት ያለችውን ቆርኪ አሠልጣኙ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "ይኼ አንተ ነህ" አለው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቦታውን በጣቱ ያሳየው ሰው አልነበረም፣ ደስ አለው።

"ለዚህ ግን" አለ አሠልጣኙ ቀጥሎ፣ "ሜዳው መስተካከል አለበት። ቁልቁለት ላይ የሚሠራ ሲስተም አይደለም። የመንገድ ሥራው ዶዘር አሁን እዚሁ ከተማ ነው ያለው፤ ለሁለት ቀን እንዲሰጡን አነጋግሬያለሁ። ሜዳው ግን የእናንተ ነው። እናንተ ካላችሁ ብቻ ነው የማደርገው።"

ከበሩ አጠገብ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ቆመው ነበር። የሜዳው ጠባቂ ናቸው፤ ሣሩን የሚያጭዱ፣ መስመሩን በኖራ የሚያሰምሩ፣ መረቡን የሚጠግኑ እሳቸው። አማርኛቸው የአገሩ ቋንቋ የካፊኖኖ ለዛ ያለው ነው፣ ሲናደዱ ጭራሽ ወደ ካፊኖኖው ይገባሉ።

"ውሃውስ?" አሉ።

"የምን ውሃ?" አለ አሠልጣኙ።

"የዝናቡ ነዋ። እዚህ አገር ስንት ወር ይዘንባል? አሁን ዘንቦ ወዲያው ትጫወታላችሁ፣ ለምን? ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ሜዳውን ካስተኛችሁት ውሃው የት ይሂድ?"

"ዙሪያውን ቦይ እናወጣለን፣ ጋሼ።"

"ዶዘር ሣሩንም ይዞት ይሄዳል። ያ ሣር እኮ ሃያ ዓመት ነው የያዘው። ሥሩ ያለው ቀይ አፈር ነው፣ ጭቃ ነው።"

ተጫዋቾቹ ሁሉ ወደ አምበላቸው ዞሩ። ተድላ ሽማግሌው የተናገሩት እውነት መሆኑን ያውቃል፤ ያንን መሬት ከእሳቸው ቀጥሎ የሚያውቅ እሱ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን የአዋሳው ሳቅ ጆሮው ውስጥ ነበር። በተደለደለ ሜዳ ላይ አንዲት ጎል፣ አንዲት ብቻ አግብቶ፣ ያንን ስም ከላዩ ላይ ማራገፍ ፈለገ። ይህን ግን ለራሱም በግልጽ አልነገረውም።

"ይስተካከል" አለ። ይኸ አልበቃ ብሎት ደግሞ ወደ በሩ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ሣርዎን ይጨዱ። ኳሱን ለእኛ ይተዉልን" አላቸው።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ዶዘሩ በጥር ወር ማክሰኞና ረቡዕ ሠራ። ላይኛውን ጫፍ ቆርጦ ወደ ታችኛው ገፋው። ያቺ ጉብታ በሁለት ምልልስ ጠፋች። ተድላ ከመጋዘን ሲመለስ ቆሞ ሲያይ ነበርና ጉብታዋ ስትሄድ ፊቱን አዞረ። ሐሙስ ቦዩ ይቆፈራል ተብሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ዶዘሩ ወደ ሚዛን መንገድ ተጠራ፣ ሄደ፣ አልተመለሰም። ቦዩ በሰው ጉልበት ይቆፈራል ተባለ፤ ማን እንደሚቆፍረው ግን አልተባለም።

ጥርና የካቲት ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ የተድላ ጥሩ ወራት ነበሩ። አፈሩ ደርቆ ጠንክሯል፣ ኳስ ሲሚንቶ ወለል ላይ እንዳለች ትሄዳለች። ክንፍ ላይ ሚንሃጅ የሚባል ፈጣን ተጫዋች ነበር፤ እሱና ተድላ ኳሷን እየተቀባበሉ፣ ተከላካይ እየሸወዱ፣ ከመሀል ሜዳ እስከ ጎል አፍ ይደርሳሉ። አሠልጣኙ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ "ጎሉ ባዶ ከሆነ አትለጋት። በውስጥ እግርህ፣ ረጋ ብለህ፣ በመሬት።" ተድላም አንድ ቀን በልምምድ ላይ እንደዚያው አድርጎ አገባ። ሜዳው ልሙጥ ነበር፣ ጎሏም የራሱ ነበረች። ማታ ለምሥራቅ ሲነግራት አፉ አልገጠም አለው። ቡሽራ እንኳ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ እያየ "ኧረ ይኼ ነገር ይሆናል" ብሎ ነበር።

በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት ዝናቡ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ሜዳው የጭቃ ባሕር ሆነ። ውሃው መሄጃ የለውም። ሣር ስለሌለ የሚይዘው የለም፤ ያ ቀይ አፈር ተቦክቶ ጫማ ይይዛል፣ ኳስ ይይዛል። አጭር ፓስ ሁለት ሜትር ሄዳ ትሞታለች። ሦስት ማዕዘኑም ቦታ መቀያየሩም ጭቃው ውስጥ ቀረ። የመጀመሪያውን የሜዳቸውን ጨዋታ ከዞኑ ቡድኖች አንዱ ከሆነው ከዋቻ ጋር ባዶ ለባዶ ወጡ። ሺሺንዳ ሄደው አንድ ለባዶ አሸነፉ፣ ቦንጋ ላይ በሺሺንዳ ተሸነፉ። ተድላ አንድም አላገባም።

በሚያዝያ ወር አሠልጣኙን ለብቻው ይዞ፣ "ኮች፣ በረጅሙ እንምታ፣ እንደ ድሮው" አለው። ተክለጻድቅም ግትር አልነበረም፣ "እሺ፣ ሞክሩት" አለ። ሞከሩት። ተከላካዩ በረጅሙ ለጋት፣ ኳሷ ከሰማይ ወርዳ ጭቃው ላይ ቧ ብላ እዚያው ቀረች። አትነጥር፣ አትንከባለል። ተድላ አሥር እርምጃ አልፏት ሮጦ ነበርና እየተመለሰ አያት። አሠልጣኙ ደብተሩን ከፍቶ ምንም ሳይጽፍ ዘጋው።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ተድላ መጋዘን ሳይገባ በሜዳው በኩል ሲያልፍ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን አያቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አካፋ ይዘው፣ በሜዳው ዳር ብቻቸውን ቦይ ይቆፍራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ተድላ ጫማውን አውልቆ ገባና ሌላ አካፋ አነሳ። ይቅርታ ሊላቸው ነበር፤ በዚያ ፈንታ አፈሩን ማውጣት ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል አብረው ቆፈሩ። የቆፈሩት ሁሉ ወዲያው ውሃ እየሞላ ቆመ።

"ለምን አይሄድም?" አለ ተድላ።

ሽማግሌው አካፋውን ተደግፈው አዩት። "ወዴት ይሂድ? ታችኛው ጫፍ ተሞልቶ ከዚህ ከፍ ብሏል እኮ። ቦዩ መቆፈር የነበረበት ከዶዘሩ በፊት ነበር።" በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "በል ሥራህ እንዳይረፍድብህ" አሉትና መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ተድላ ቢቆጡት በወደደ ነበር።

ሁሉ ነገር ወደ ግንቦት የመጨረሻ እሑድ ተሰበሰበ። የደካ ከተማ ልጆች ዞኑን በሁለት ነጥብ ይመሩ ነበርና ባርታ ኮከብ ቦንጋ ላይ ካሸነፋቸው አንደኛ ይወጣል፣ ቡድኑም ይተርፋል። እኩል ከወጡ አበቃ። ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ ዘነበ። ሕዝቡ ግን ከቤቱ አልቀረም፤ ጃንጥላ ያለው በጃንጥላ፣ የሌለው ላስቲክ ተከናንቦ፣ ባጃጅ ነጂዎች ባጃጃቸውን መስመሩ አጠገብ ደርድረው ውስጡ ተቀምጠዋል። ምሥራቅም መጥታ ከቡሽራ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆማለች። ጨዋታ አታይም ነበር፤ ያን ቀን ግን መጣች።

ጨዋታ ከተባለ ጨዋታው ተጀመረ። ሃያ ሁለት ሰው ጭቃ ውስጥ ተራገጠ። የማን ማልያ የማን እንደሆነ ከእረፍት በፊት ጠፋ። ተድላ አራት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ ኳሷን ነካ። ሰማንያኛው ደቂቃ ሲያልፍ ሕዝቡ ዝም ማለት ጀመረ። ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ ይኼኛው ግን እንደ ለቅሶ ቤት ያለ ዝምታ ነበር።

በሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ሚንሃጅ እንደምንም ከሁለት ሰው መሀል ወጥቶ ኳሷን በውሃው ላይ ነካ አደረጋት። ተንሸራታ መጣችለት። ተድላ የመጨረሻውን ተከላካይ በትከሻው አለፈው። በረኛው ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ አጠገቡ ተዘረጋ፤ ተድላ እሱንም አለፈው። ፊቱ ላይ ባዶ ጎል ብቻ ቀረ። ድሮ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት የታችኛው ጎል ነበር።

አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ያን ጊዜ በጭንቅላቱ ውስጥ የአሠልጣኙ ድምፅ ብቻ ነበር። በውስጥ እግርህ፣ ረጋ ብለህ፣ በመሬት። ረጋ አለ። በውስጥ እግሩ፣ በመሬት፣ ልክ በየካቲት እንዳደረጋት አድርጎ መታት። ኳሷ በትክክል ወደ መሀል ጎል ሄደች። አምስት እርምጃ ሄደች፣ ሰባት ሄደች፣ ከጎሉ መስመር ፊት የተኛው ውሃ ውስጥ ገባችና አንድ ጊዜ ዞራ ቆመች።

በድሮው ሜዳ ቢሆን እፍ ቢሏት ትገባ ነበር። ይህን ተድላም አሰበ፣ ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉም አሰበ። ሊደርስባት ተወረወረ፤ ጭቃው ቀኝ እግሩን ይዞ አስቀረው፣ ተደፋ። ቀና ሲል የደካ ተከላካይ ደርሶ ኳሷን ወደ ባሕር ዛፎቹ ሲለጋት አየ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ የቆየው አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ባዶ ለባዶ አለቀ።

ዳኛው ሲነፋ ተድላ ከወደቀበት ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር። የሚመጣበትን ያውቀዋል፣ ተዘጋጅቷል። ስድቡን፣ ሳቁን፣ "ቁልቁለቱ፣ ቁልቁለትህን ምን አደረግኸው?" መባሉን ይጠብቅ ነበር። የሚገባኝ ነው ብሎም ቆርጧል። ሰው እየመጣ አጠገቡ አለፈ።

"ተድላ፣ አይዞህ" አለው አንዱ ባጃጅ ነጂ።

"አይዞህ ተድላ" አለች ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት።

"ተድላ፣ በርታ። ያጋጥማል።"

ሁሉም በስሙ ጠሩት። አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ሜዳ ላይ ያልተሰማ ስም ነበር። እየሰማ ቆዳው ተሰበሰበ፤ ሰው ሐዘን ሲደርስበት እንዲህ በቀስታ እንደሚጠራ ያውቃልና። ምሥራቅ መጥታ ጭቃ የሆነ ክንዱን ያዘች። ቤት ወሰደችው።

አሠልጣኝ ተክለጻድቅ ማክሰኞ ጠዋት በአውቶብስ ሄደ። ከመሳፈሩ በፊት ተድላን ፈልጎ አገኘውና፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝናባችሁን አላወቅሁትም" አለው። ተድላ "እኔ አውቀው ነበር" አለ። አሠልጣኙ እያጽናናው መሰለውና ጨበጠው። ዓርብ ዕለት ቦርዱ ባርታ ኮከብ መፍረሱን የሚገልጽ ወረቀት ለጠፈ። ማልያዎቹ ታጥበው ተሰበሰቡ። ሚንሃጅ ለሺሺንዳ ሊጫወት ሄደ፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን ኑሮ ያዙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተድላ ሳሙና ሊገዛ ቡሽራ ሱቅ ገባ። ውጭ እየዘነበ ነበር። በሩ ፊት ለፊት ሜዳው ሙሉ በሙሉ ኩሬ ሆኗል፤ ዳክዬ የመሰለ ወፍ አርፎበታል፤ በዳሩ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ መረቡን ከጎሉ ላይ እየፈቱ ነው። ቡሽራ ሳሙናውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

"ሌላ የሚያስፈልግህ አለ፣ ተድላ?"

ተድላ አልሄደም። እጁን ሳሙናው ላይ አድርጎ ቆመ።

"ቡሽራ" አለ፣ "እስቲ እንደ ድሮው ጥራኝ።"

ቡሽራ ገባው። ወደ ውጭ አየ፣ መልሶ ተድላን አየ፣ አንገቱን አቀረቀረ።

"ይቅርብህ፣ ወንድሜ" አለው በቀስታ። "እሱ ሰውዬ ጎበዝ ነበር።"

ተድላ ሳሙናውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ላስቲኩን ተከናንቦ ወጣና በሜዳው ዳር አድርጎ ወደ መጋዘኑ ሄደ።